ስም ያልወጣለት ዓመት

አያቴ ቁጥር አልተማረችም፤ ዓመት ግን አይምታታባትም ነበር። «እናትህን የዳርናት ማጀቴ የፈረሰች ጊዜ ነው» ትላለች። «አጎትህ የተወለደው አንበጣው ባረፈ በሳምንቱ።» ስለ ራሷ ስትጠየቅ ደግሞ «የህዳር በሽታ ሲገባ ጥጃ ጠባቂ ነበርኩ» ብላ ትጀምራለች። ያደግኩት ከሐይቅ ብዙ በማይርቅ መንደር ነው፤ ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አውራ ጎዳና ግርጌያችንን ይዞ ያልፋል። የልደት ምስክር ወረቀት የሚባል ነገር አናውቅም። የሰው ዕድሜ፣ የጋብቻ ዘመን፣ የድንበር ክርክር ሳይቀር የሚቆጠረው ከአንድ መዓት ተነስቶ ነበር።

ያ አቆጣጠር ዛሬ ጠፍቷል። ልጆቼ የተወለዱበትን ቀን ከነሰዓቱ ያውቁታል። እኔ ግን ዕድሜዬ ወደ ሃምሳ ሲጠጋ የአያቴ መቁጠሪያ ደጋግሞ ትዝ ይለኝ ጀመር። አንድ አገር በምን እንደተመታ፣ ማን እንደተረፈ፣ ማን እንደደረሰለትና ማን እንደረሳው ያለ አንዲት ፊደል ተጽፎ የኖረው በዚያ መቁጠሪያ ላይ ነው።

ከሁሉ በፊት የሚመጣው ክፉ ቀን ነው። አያቴ አላየችውም፤ ከእናቷ የሰማችው ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ያ ዘመን የጀመረው በከብት ነበር። ጣልያኖች ለጦራቸው ብለው በምጽዋ በኩል ያስገቧቸው ከብቶች ደስታ የሚባለውን በሽታ ይዘው ገቡ። በሽታው ከባሕሩ ዳርቻ ተነስቶ ቆላና ደጋውን አካለለ፤ ከአሥር ከብት ዘጠኙን ጨረሰ ይባላል። በሬ የሌለው ገበሬ ዝናብ ቢጥልለትስ በምን ያርሳል? በዚያ ላይ ዝናቡ ጠፋ፤ አንበጣና ተምች መጣ፤ ተስቦና ፈንጣጣ ተከተለ። ከአገሩ ሕዝብ ሲሶው አለቀ የሚለው ግምት እስከ ዛሬ በታሪክ መጻሕፍት ይጠቀሳል። አፄ ምኒልክም በሬ ያለቀበት ሕዝብ በእጁ መቆፈርን እንደ ውርደት እንዳያየው፣ ራሳቸው መቆፈሪያ ይዘው መሬት እንደቆፈሩ ተጽፏል።

ከዚያ ሁሉ መከራ እኛ ቤት የደረሰው አንድ ልማድ ነው። የአያቴ እናት መንገድ ላይ የወደቀች አንዲት የእህል ፍሬ ካየች ጎንበስ ብላ ሳታነሳ አታልፍም ነበር። አርጅታ ወገቧ አልታዘዝ ሲላትም ሕፃናቱን ጠርታ ታስነሳ ነበር አሉ። አያቴም እንዲሁ፤ እናቴም እንዲሁ። እኔም አዲስ አበባ ውስጥ፣ ወፍጮ ቤት ደጃፍ የፈሰሰ ጤፍ ሳይ እጄ ሳላዝዘው ይዘረጋል። ልማዱ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ መቶ ሠላሳ ዓመት አልፎታል።

የደስታ በሽታ ግን ዛሬ የለም። በ2003 ዓ.ም. ከምድረ ገጽ መጥፋቱ ለዓለም ታወጀ፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ከምድር ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ሆነ። የመጨረሻዎቹን መሸሸጊያዎች ለማጽዳት አፋር በረሃ ድረስ የሄዱት ሙቀት የሚቋቋም ክትባት የያዙ፣ ከአርብቶ አደሩ ከራሱ መካከል የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። ለአገሩ ሕዝብ ሲሶ ማለቅ ምክንያት የሆነ ነገር በክትባት ብልቃጥ ተሸነፈ ብዬ ለአያቴ ብነግራት ምን ትል እንደነበር አስባለሁ። አልደረሰችበትም።

ሁለተኛው የራሷ ነው። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ እኛ አገር በህዳር ወር ስለበረታ የህዳር በሽታ ተባለ። አያቴ ያኔ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው። በየዓመቱ ህዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ ሲጨስ ከሁሉ ቀድማ የምትነሳው እሷ ነበረች። እኛ ልጆች ጭሱ ጨዋታ ይመስለን ነበር፤ እሷ ግን ጭሱ ወደ ቤት እስኪገባ ድረስ ቆማ ትጠብቃለች፤ አትናገርም።

ከዚያ አንበጣው። በ1950ዎቹ መግቢያ የመጣው መንጋ በአገሪቱ ያወደመው እህል 167 ሺህ ቶን ነው ተብሎ ተመዝግቧል፤ አንድ ሚሊዮን ሰው ለአንድ ዓመት ይቀልብ ነበር ማለት ነው። አያቴ የምታስታውሰው ድምፁን ነው። «ዝናብ የመጣ መስሎን ደስ አለን» ትል ነበር። ጣሳ እየቀጠቀጡ፣ ጅራፍ እያጮኹ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ሲያባርሩ መሽቶ ነጋ። ቀጥሎ በግንቦት 1953 ዓ.ም. ምድር ተንቀጠቀጠች። የማጀቴ ከተማ ፈረሰች፤ ካራቆሬም ከቤቶቿ ግማሽ የሚጠጉት ወደቁ። እናቴ በዚያ ዓመት ተዳረች። ሠርጉን የሚያስታውስ ሰው ሁሉ ስለ ሙሽራዋ ከማውራቱ በፊት ስለ መሬቱ ያወራል።

እነዚህን ሁሉ አያቴ ስትቆጥር ድምፅዋ አይለወጥም ነበር። የሚለወጠው ረሃቦቹ ጋ ስትደርስ ነው። ረሃብ ስም አይወጣለትም፤ በዓመቱ ቁጥር ብቻ ይጠራል። አምሳ ስምንት። ስድሳ አምስት። ሰባ ሰባት። ፊደል የማታውቅ ሴት እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ግን ታውቃለች።

አምሳ ስምንት ወሎን ሲመታ ወሬው ከወሎ አልወጣም ማለት ይቻላል። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ከ1950 እስከ 1970 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ገጠር የደረሰውን ረሃብ አጥንተው በጻፉት መጽሐፍ ያሳዩት ይህንኑ ነው። ረሃብ በየጥቂት ዓመቱ፣ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ይመላለስ ነበር፤ ገበሬው ከእጅ ወደ አፍ በሆነ ኑሮ ላይ ግብሩና ዕዳው ተጨምሮበት አንድ ክፉ ክረምት የሚሻገርበት ስንቅ አልነበረውም።

ስድሳ አምስት ሲመጣ እናቴ ሁለት ልጆች ነበሯት፤ ሲያልፍ አንድ ቀራት። ይህን የሰማሁት ከአያቴ ነው። እናቴ ስለዚያች ልጅ ተናግራ አታውቅም፤ የጊዮርጊስ ዕለት ግን ሁልጊዜ አንዲት ዳቦ ትቆርሳለች። በዚያ ዓመት ከደሴ በላይ ያለው አውራ ጎዳና በተራቡ ሰዎች ተሞልቶ ነበር፤ መኪና እያስቆሙ ይለምኑ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያነሱትን ፎቶግራፍ አዲስ አበባ ላይ ለተማሪዎች አሳዩ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ «ያልታወቀው ረሃብ» የሚል ፊልም ለአገሩ ቴሌቪዥን አቀረበ። ያ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ጋር ተቀላቅሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ሕዝብ ታየ፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። የሞተውን ሰው ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ አድርገው የሚገምቱ አሉ። ግምቱ ይህን ያህል መራራቁ ራሱ አንድ ነገር ይናገራል፤ በወቅቱ የቆጠረ ሰው አልነበረም።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ህንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን ስለዚያ ረሃብ የጻፈውን አነበብኩ። ያን ምሽት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሴን ያየው የደሴን ገበያ ነው። በረሃቡ ወቅት ደሴ ላይ የእህል ዋጋ ከወትሮው ብዙም አልወጣም ነበር። የአገሪቱ ጠቅላላ ምርትም ያን ያህል አልወደቀም። እንዲያውም ከወሎ እህል ተጭኖ የሚወጣበት ጊዜ ነበር። ገበሬው የተራበው እህል ከአገር ስለጠፋ ሳይሆን፣ ማሳው ሲደርቅ የሚገዛበት ገንዘብም አብሮ ስለደረቀ ነው። እናቴ ስለ ደሴ ገበያ ስትናገር «እህሉ አለ፤ ለኛ ግን የለም» ትል የነበረውን ያኔ ነው የተረዳሁት። በዓለም የታወቀው ሊቅ በመጽሐፍ ያስረዳውን እናቴ በአንድ አረፍተ ነገር ይዛው ኖራለች።

ሰባ ሰባት የኔ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

የ1976ቱ በልግ ጭራሽ አልጣለም። ክረምቱም ዘግይቶ ገብቶ ቶሎ ወጣ፤ ማሽላው ከጉልበት ሳያልፍ ማሳው ላይ ደረቀ። አባቴ ማታ ማታ ጎታውን በእጁ መታ መታ ያደርጋል፤ ከሳምንት ሳምንት ድምፁ ባዶ እየሆነ ሲሄድ ይሰማኛል። መጀመሪያ በጎቹ ተሸጡ። ቀጥሎ ጊደሯ። በመጨረሻ ከሁለቱ በሬዎች አንዱ ሄደ። ገበያው ላይ ሁሉም ሻጭ ስለነበር የበሬው ዋጋ የሁለት ወር እህል እንኳ አልገዛም። ዘሩ ግን በጨርቅ ታስሮ ከምሰሶው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ማንም አይነካውም። «ዘር የበላ ቤት ተመልሶ አይቆምም» ይል ነበር አባቴ። እኔና እህቴ ማታ ተኝተን ያን ቋጠሮ እናየዋለን።

ከጥቅምት ጀምሮ ጎዳናው በሰው ተሞላ። ከላስታ፣ ከዋግ፣ ከራያ የመጡ ናቸው። ከሁሉ የሚገርመኝ ዝምታው ነበር። ያን ያህል ሕዝብ ሲያልፍ የሚሰማው የእግር ኮቴ ብቻ ነው። ሕፃናቱ አያለቅሱም፤ ማልቀስ ጉልበት እንደሚፈልግ ያወቅኩት ያኔ ነው። እናቴ ካለን ላይ ቆሎ ቆልታ ደጃፍ ትቆምና በእፍኝ ትሰጣለች። መጀመሪያ በእፍኝ፣ በኋላ በጣቶቿ ጫፍ፣ በኋላ ለሕፃናት ብቻ።

ወሎ ውስጥ ማዕድ ሲቀርብ በር አይዘጋም። መንገደኛ ሲያልፍ «እንብላ» ይባላል፤ እስላም ክርስቲያኑ፣ የሚያውቁት የማያውቁት ይባላል። ጎረቤታችን ሼሁ ቤት ወዳጃ ሲኖር እኛም እዚያው እንውላለን፤ እኛ ቤት ዝክር ሲሆን እነሱም ይመጣሉ። በዚያ ዓመት አንድ ማታ እናቴ ንፍሮውን አቀረበች፤ ተነሳች፤ በሩን ዘጋች። ማንም ምንም አላለም። አባቴ አንገቱን እንደደፋ ቀረ። አያቴ ድርሻዋን ወደኔ ገፋ አደረገችና «አብሽር፣ ልጄ፣ ያልፋል» አለችኝ። በሩ ተዘግቶ የበላነው ያ ንፍሮ ጣዕሙ እስከ ዛሬ አፌ ላይ አለ። ረሃብ ከሰው ላይ መጀመሪያ የሚወስደው ሥጋውን አይደለም፤ «እንብላ» የምትለዋን ቃል ነው።

በዚያው ወቅት ዓለም ስማችንን አወቀ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ማይክል በርክ የተባለው የቢቢሲ ጋዜጠኛና ኬንያዊው የካሜራ ሰው መሐመድ አሚን ከኮረም ያቀረቡት ዘገባ ታየ። ዘፋኞች ተሰበሰቡ፤ በሐምሌ 1977 ዓ.ም. ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ በአንድ ቀን የተካሄደው ላይቭ ኤድ የተባለው ኮንሰርት ተከተለ። ነገር ግን ጩኸቱ የተሰማው ከተጮኸ ከወራት በኋላ ነው። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽኑ ገና በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ከአምስት ሚሊዮን በላይ ሰው አደጋ ላይ መሆኑን ለለጋሾች ተናግሮ ነበር። ለጋሾቹ ዘገዩ። አዲስ አበባም ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ትሸላለም ነበር። በሰሜን ደግሞ ጦርነቱ መንገዱን ዘግቶት ነበር። ከ400 ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን ሰው አለቀ።

ከመንደራችን በስተ ምሥራቅ ባቲ አለች። የሙዚቃ ሰው ባቲን የሚያውቃት በቅኝቷ ነው፤ ከትዝታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዷ ናት። በ1977 ዓ.ም. ባቲ ትልቅ የረሃብተኞች መጠለያ ሆነች። ዛሬም ማሲንቆ በባቲ ሲቃኝ ስሰማ ሁለቱ ባቲዎች አንድ ላይ ይመጡብኛል፤ አንዷን ከሌላዋ ለይቼ መስማት አልቻልኩም።

ከክፍል ጓደኞቼ አንዱ ከነቤተሰቡ በሰፈራ ወደ መተከል ሄደ። ከሰሜን ወደ ደቡብና ምዕራብ የተወሰደው ሰው 600 ሺህ ያህል ነበር። ጓደኛዬ ሲሄድ የእንጨት መኪናውን ለኔ ተወልኝ። ስለ እሱ እስከ ዛሬ የሰማሁት ነገር የለም።

ይህን ሁሉ የማነሳው ቁስል ለመቆስቆስ አይደለም። ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ አንድ ነገር ለማወቅ ስጥር ኖሬያለሁ፤ ዝናብ ከመጥፋቱ እስከ ሰው መሞት ድረስ ያለው መንገድ ምን ያህል ይረዝማል? ረጅም ነው። በልጅነቴ እያንዳንዱን እርምጃ በዓይኔ አይቼዋለሁ። በልጉ ይቀራል፤ ከብቱ ይረክሳል፤ እህሉ ይወደዳል፤ በሬው ይሸጣል፤ ዘሩ ይበላል፤ ቤቱ ይዘጋል፤ ሰው መንገድ ይወጣል፤ መጠለያ ይደርሳል። መጠለያ ውስጥ ደግሞ የተዳከመውን ሰው ኩፍኝ፣ ተቅማጥና ተስቦ ይጠብቁታል። የዝናቡ መጥፋት የሰማይ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ሁሉ የምድር ነው፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ላይም አንድ ሰው ደርሶ ሊያስቆመው ይችል ነበር።

የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ አንድ ዘገባ አውጥቶ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1970 እስከ 2019 ባሉት ሃምሳ ዓመታት ከአየር ጠባይ፣ ከአየር ንብረትና ከውኃ ጋር የተያያዙ ከ11 ሺህ በላይ አደጋዎች ተመዝግበዋል፤ ሁለት ሚሊዮን ያህል ሰው ሞቷል። የአደጋዎቹ ብዛት በእነዚያ ሃምሳ ዓመታት አምስት እጥፍ አድጓል፤ የሟቾቹ ቁጥር ግን ወደ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ ቀንሷል። በ1970ዎቹ በአማካይ በዓመት ከ50 ሺህ በላይ ሰው ይሞት ነበር፤ በ2010ዎቹ ከ20 ሺህ በታች ወርዷል። ይህ የሆነው የሕዝቡ ብዛት እጥፍ በሆነበት ዓለም ነው። በባንግላዴሽ ብዙ ሰው ከፈጁት አውሎ ነፋሶች አንዱ በ1963 ዓ.ም. 300 ሺህ ሰው ገድሏል፤ ዛሬ እዚያ የሚነሱ ማዕበሎች ኃይላቸው ሳይቀንስ የሚገድሉት ሰው በአሥሮች ነው፤ ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ይደርሳል፤ የሚሸሹበት ከፍ ያለ ሕንፃም ተሠርቷል።

በዘገባው ውስጥ ብዙ ሰው የገደሉ አሥር አደጋዎች የተዘረዘሩበት ሰንጠረዥ አለ። ጣቴን እያሳለፍኩ ሳነብ ሁለት ቦታ ላይ ኢትዮጵያ የሚል ጽሑፍ አገኘሁ። አንደኛው የኔ ረሃብ ነው፤ ሁለተኛው የእናቴ። ጄኔቭ ላይ የተዘጋጀው ሰንጠረዥና የአያቴ መቁጠሪያ በሁለት ዓመታት ላይ ተገናኙ። በስድሳ አምስት የሞተችው እህቴ መቃብር ምንም ምልክት የለውም፤ እዚያ ሰንጠረዥ ውስጥ ግን በ100 ሺዎቹ መካከል አንድ ሆና ያለች መሰለኝ።

ከሰባ ሰባት በኋላ በአገራችን ብዙ ነገር ተሠራ። ቅድመ ማስጠንቀቂያው ተጠናከረ፤ የመጠባበቂያ እህል ክምችት ጎለበተ፤ መንገድ ተዘረጋ። በ1995 ዓ.ም. ድርቅ 13 ሚሊዮን ያህል ሰው እርዳታ ፈላጊ በሆነ ጊዜ ሌላ ጥያቄ ተነሳ፤ በየዓመቱ ተርቦ በየዓመቱ የሚለመንለት ሰው እስከ መቼ? ከዚያ በ1997 ዓ.ም. ገበሬው ሴፍትኔት የሚለው ፕሮግራም ተጀመረ፤ ለሚሊዮኖች በየዓመቱ በተወሰኑ ወራት እህል ወይም ገንዘብ ይሰጣል፤ ጉልበት ያለው በምትኩ እርከን ይሠራል፣ ተፋሰስ ያለማል። ትልቁ ነገር ጊዜው ነው። እርዳታው የሚደርሰው በሬው ገና በረት ውስጥ ሳለ ነው። አባቴ በ1977 ዓ.ም. በሬውን ከመሸጡ በፊት ሦስት ኩንታል ስንዴ ቢያገኝ ኖሮ የቀጣዩን ክረምት በሁለት በሬ ያርስ ነበር።

የ2007 ዓ.ም. በልግና ክረምት ሁለቱም ከሸፉ። ኤልኒኖ ነበር፤ በአንዳንድ አካባቢ ከአሥርት ዓመታት ወዲህ ያልታየ ድርቅ ነበር። በ2008 ዓ.ም. 10.2 ሚሊዮን ሰው አስቸኳይ የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ተነገረ። ለጥምቀት ወደ ቤት ስሄድ የማሽላው ማሳ በሰባ ሰባት እንዳየሁት ደርቆ ነበር፤ ልቤ ቀዝቅዞ ደጃፍ ደረስኩ። አፋርና ሱማሌ ላይ ከብት አልቋል፤ በየጤና ኬላው ሕፃናት በምግብ እጥረት ይታከሙ ነበር። ችግሩ እውነተኛ ነበር። ጎዳናው ላይ ግን የጭነት መኪና እንጂ የሰው ሰልፍ አልነበረም። መንደሩ ውስጥ ያለ ወጣት ሁሉ ስልክ ይዟል፤ የስንዴው መኪና ኮምቦልቻ መድረሱን በስልክ ይነጋገራሉ። ማታ እናቴ እንጀራ አቀረበች። በሩን አየሁት። ክፍት ነበር። በደጃፉ ለሚያልፍ ሰው «እንብላ» አለች።

ያ ክፍት በር ለዘላለም ተከፍቶ ይኖራል ብዬ አልሸነግልም። በሰሜኑ ጦርነት ዓመታት መንገድና ስልክ ሲዘጋ ረሃብ የድሮ መንገዱን እንዳልረሳው አይተናል። በቦረና ዝናቡ ለአምስት ተከታታይ ወቅት ሲቀር አርብቶ አደሩ ዘመኑን ሙሉ ያፈራውን ከብት በዓይኑ ፊት ቀበረ። ድንገት የሚመጣው አደጋ ደግሞ ገና አልተገታም። ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፈው ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ግን ጎርፉ ከላይ መጥቶ ከ250 በላይ ሰው ወሰደ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጎፋ ውስጥ ኮረብታው ተደርምሶ ቤቶችን ዋጠ። ጎረቤቶች በአካፋና በእጃቸው እየቆፈሩ ሰው ሊያወጡ ሲሞክሩ ሁለተኛው ናዳ መጣባቸው። ከ250 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ለወገናቸው የደረሱ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ ዙሪያ ምድር ስትንቀጠቀጥ ግን ብዙ ሺህ ሰው አስቀድሞ ከአካባቢው እንዲርቅ ተደረገ።

ከሁሉም አንድ ነገር አያለሁ። ድርቅ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ጆሮ ያለው ሰው ይደርስበታል። ጎርፉና ናዳው ግን ሰዓት አይሰጡም፤ ማስጠንቀቂያው ከተራራው እግር ካለው ጎጆ ድረስ በደቂቃ ካልደረሰ ዋጋ የለውም። ሁሌም ቀድሞ የሚደርሰው ጎረቤት ነው። የጎፋ ሰዎች ባዶ እጃቸውን ባይሆኑ፣ ኮረብታው እንደገና ሊናድ እንደሚችል የሚነግራቸው ሰው አብሯቸው ቢኖር ኖሮ፣ ደግነታቸው ሞታቸው ባልሆነ ነበር።

ባለፈው ዓመት እናቴ ለሕክምና አዲስ አበባ መጥታ እኛ ዘንድ ሰነበተች። ትንሹ ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ከትምህርት ቤት የቤተሰቡን ታሪክ በዓመተ ምሕረት ለይቶ ጽፎ እንዲመጣ ታዝዞ ነበር። እርሳስና ደብተር ይዞ እግሯ ሥር ተቀመጠ።

«እማማ፣ መቼ ነው ያገባሽው?»

«ማጀቴ የፈረሰች ጊዜ፣ የኔ ጌታ።»

1953 ብዬ ነገርኩት፤ ጻፈ። እናቷ መቼ እንደተወለደች ጠየቃት፤ ከህዳር በሽታ ወደ ኋላ ቆጠረች። አባቱ መቼ እንደተወለደ ጠየቃት። «ከስድሳ አምስቱ ወዲህ፣ እህል የሸተተ ዓመት» አለች። ልጄ ፈገግ እያለ ይጽፋል። ከዚያ እርሳሱን አንስቶ የራሱን ጠየቃት።

«እኔስ በምን ዓመት ነው የተወለድኩት?»

የተወለደው በ2008 ዓ.ም. ነው። ማሳው የደረቀበት፣ አሥር ሚሊዮን ሰው እርዳታ የጠበቀበት ዓመት። እናቴ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ አሰበች። ጣቶቿ እንደ አያቴ ጣቶች አንድ በአንድ ተቆጠሩ። ሁለት ጊዜ ቆጠረች።

«አንተ የተወለድክበት ዓመትማ ምንም አልነበረበትም» አለችው። «ደኅና ዓመት ነበር።»

ልጄ ቅር አለው። እንደ ሌሎቹ የሚጻፍ ነገር ፈልጎ ነበር። እኔ ግን ተነስቼ ወደ ጓዳ ገባሁ፤ ዕንባዬን እንዲያይ አልፈለግኩም። ስመለስ በደብተሩ ላይ በትልልቅ ፊደል እንዲህ ብሎ ጽፎ አገኘሁት፤

«2008 ዓ.ም.፦ እኔ ተወለድኩ። ምንም አልነበረም።»